ከጎንደር ባሕር ዳር ለሚያደርስ ጋደምታ ሳይክል፦ የመረጣና የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 6

የሚፈለገው ከጎንደር ባሕር ዳር፣ ወደ 180 ኪሎ ሜትር፣ በሁለት ቀን የሚያደርስ ሳይክል ነው። ሲወርዱ ማጅራት የማያሳሽ፣ መዳፍ የማያደነዝዝ፣ መቀመጫ የማይልጥ። ተራ ሳይክል ላይ አራት ሰዓት የቆየ ሰው የሚያማርረው እነዚህን ሦስት ቦታዎች ነው። ጋደምታ ሳይክል ላይ ጀርባ ተደግፎ እግር ወደ ፊት ዘርግቶ ስለሚነዳ ክብደቱ በጀርባና በመቀመጫ ይከፋፈላል፤ እጅ ምንም አይሸከምም፤ አንገትም ወደ ኋላ ሳይሰበር መንገዱ ይታያል። ዋጋው ግን አለ። ዳገት ሲመጣ ብድግ ብሎ በሰውነት ክብደት ፔዳል መርገጥ የለም። ጉድጓድ ሲመጣም ተነስቶ ጉልበትን እንደ ሞላ መጠቀም የለም፤ የመጣው ሁሉ ቀጥታ ወገብ ላይ ያርፋል።

የዚህ ሳይክል ዝናው በነፋስ ቆራጭነቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 ፍራንሲስ ፎር የሻርል ሞሼን ጋደምታ ሳይክል ነድቶ በአንድ ሰዓት 45.055 ኪ.ሜ. ሄደ፤ ከ1914 ጀምሮ የቆየውን የኦስካር ኤግን 44.247 ኪ.ሜ. ሰበረ። በማግስቱ ዓመት ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ይህን ቅርጽ ከውድድር አስወጣው። «ጥሩ ከሆነ ለምን ውድድር ላይ አናየውም?» ብሎ ለሚጠይቅ ሁሉ መልሱ ይኸው ነው፤ ጠያቂውም አይጠፋም።

ጎንደር ግን ከባሕር ወለል 2,133 ሜትር ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻ አገር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ስለሆነ ነፋስ በመቁረጥ የሚገኘው ትርፍ ያንሳል፤ የኪሎው ብዛት ግን አይሳሳም። ስለዚህ መረጣው ከዳገቱና ከጎማው ይጀምራል። ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያየው ወንበሩን ነው፤ እኛ ዘንድ ወንበሩ መጨረሻ ይመጣል፤ እሱን እዚሁ መሥራት ይቻላል።

ጥቅምት 8

ለመረጣ የቀረቡት ሦስት ቅርጾች ናቸው።

አጭሩ፦ ፔዳሉ ከፊት ጎማው ቀድሞ የሚገኝ፣ ከጎማ እምብርት እስከ ጎማ እምብርት ከ100 እስከ 115 ሳ.ሜ. ገደማ የሆነ። ለረጅም ጉዞ ከተሠሩት ውስጥ የጀርመኑ ኤችፒ ቬሎቴክኒክ «ስትሪትማሺን» ፊት 20፣ ኋላ 26 ኢንች ጎማ አለው፤ የቼኩ አዙብ «ሲክስ» ደግሞ ሁለቱንም 26 አድርጎታል። አውቶቡስ ላይ ለመጫን ከሁሉም ይቀላል። ችግሩ ፔዳሉ ከወንበሩ በላይ መሆኑ ነው፦ ዳገት ላይ ቆሞ እንደገና ለመነሳት አንዱን እግር ወደ ላይ ሰቅሎ ሌላውን ከመሬት ማንሳት ይጠይቃል። ጠባብ ኩርባ ላይም ተረከዝ ከፊት ጎማው ጋር ይጋጫል።

ረጅሙ፦ የፊት ጎማው ከፔዳሉ የሚቀድም፣ ከእምብርት እስከ እምብርት ከ160 ሳ.ሜ. በላይ የሆነ። ፔዳሉ ከወንበሩ በታች ነው፤ እግር ቶሎ መሬት ይነካል፤ ለጀማሪ ይታዘዛል። ፊቱ ቀላል ስለሆነ ግን ኮረት ላይ ይንሸራተታል፤ ርዝመቱም ለፖርቶ መጋላ ጣጣ ነው።

ባለ ሦስት ጎማው፦ ሁለት ፊት፣ አንድ ኋላ። የሚዛን ጉዳይ የለበትም፤ በሰዓት ሦስት ኪሎ ሜትር እየተንፏቀቁም ዳገት ይወጡበታል። ለዳገት ብቻ ቢሆን ምርጫው እዚህ ባለቀ ነበር። ነገር ግን ስፋቱ 80 ሳ.ሜ. ገደማ ነው፤ በአስፋልት ጠርዝ በባጃጅና በሚኒባስ መካከል ያ ስፋት አይገኝም። ጎማዎቹ በሦስት መስመር ስለሚሄዱ የፊቶቹ ያለፉትን ጉድጓድ የኋላው ገብቶበት ይወጣል። ወንበሩ ከመሬት 30 ሳ.ሜ. ከፍታ ላይ ከሆነ ደግሞ አፍንጫ ልክ የጭስ ማውጫው ትይዩ ነው። የፊት ጎማዎቹ በአንድ ወገን ብቻ ስለሚያዙ ሞዞአቸው (እምብርታቸው) የተለየ ነው፤ ከተሰበረ ጎንደር ውስጥ ምትክ የለውም። ሚዛን መጠበቅ ለሚቸግረው ሰው ግን ሌላውን ሁሉ ትቶ ይህንኑ መውሰድ ነው።

ጥቅምት 9

የዳገት ስሌት። ሰው 68 ኪ.ግ.፣ ሳይክል 21፣ ጓዝና ውኃ 16፤ በድምሩ 105 ኪ.ግ.። ከመቶ 8 የሆነ ዳገት ላይ ወደ ኋላ የሚስበው ኃይል 82 ኒውተን ገደማ፣ የጎማው ሰበቃ 10 ገደማ ነው። በሰዓት 5 ኪ.ሜ. ለመውጣት 130 ዋት ይበቃል። በሰዓት 7 ኪ.ሜ. ለመውጣት 180 ዋት ይፈልጋል። የመጀመሪያውን ጤነኛ ሰው እየተነፈሰ ለረጅም ጊዜ ይሰጣል፤ ሁለተኛውን ያልሠለጠነ ሰው ብዙ አይቆይበትም።

የመረጣው ቁልፍ እዚህ ነው። ሳይክሉ ሳይንገዳገድ የሚሄድበት ዝቅተኛ ፍጥነት 7 ከሆነ ነጂው ሳይፈልግ 180 ዋት ይከፍላል፤ ማርሹ ምንም ያህል ቀላል ቢሆን አያድነውም። 5 ከሆነ ግን ቀስ ብሎ ይወጣል። ስለዚህ ባለ ሁለት ጎማ የሚገዛ ሰው «ስንት ማርሽ አለው?» ከማለቱ በፊት «በስንት ፍጥነት ይንገዳገዳል?» ይበል። ፈተናው ቀላል ነው፦ 20 ሜትር ርዝመት፣ 30 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው መስመር በኖራ ይሰመራል፤ ሳይወጡ በተቻለ መጠን ቀስ ብሎ ይነዳል። 10 ሰከንድ ከፈጀ በሰዓት 7.2 ኪ.ሜ. ነው፤ 13 ከፈጀ 5.5፤ 15 ከፈጀ 4.8።

ረጅሙ ቅርጽ ተመረጠ። ከውጭ ማስመጣቱ ቀርቶ መጀመሪያ እዚሁ ተበይዶ ይሞከራል፤ ልኩ ከታወቀ በኋላ ገንዘብ ማውጣት ይቀላል።

ጥቅምት 12

ጎማ። የኋላው 26 ይሆናል፤ ቅዳሜ ገበያም ሆነ ባሕር ዳር ካላማዳሪያው አይጠፋም። የፊቱ 20 ነው፤ እሱም የልጆች ሳይክል ጎማ ስለሆነ ይገኛል፤ ወጥመዱ ግን ቁጥሩ ላይ ነው። «ባለ 20» የሚባል ሁለት የተለያየ ቸርኬ አለ። 20×1.75፣ 20×1.95ና 20×2.125 የተጻፈባቸው በ406 ሚ.ሜ. ቸርኬ ላይ ይገባሉ። 20×1⅜ የተጻፈበት የ451 ነው። የ45 ሚ.ሜ. ልዩነት በካቻቢቴ ተገፍቶ የሚገባ አይደለም። ጎማው ጎን ላይ በትንሹ የተጻፈውን፣ ለምሳሌ 47-406 የሚለውን፣ ማንበብ ነው፤ መጀመሪያው ስፋት፣ ሁለተኛው የቸርኬው ልክ ነው።

ቫልቩ የመኪና ዓይነት ይሁን። ቀጭኑ የውድድር ቫልቭ ያለ ማገናኛ በጎሚስታ ኮምፕሬሰር አይነፋም፤ ከማክሰኝት እስከ ወረታ ባለው መንገድ ላይ ያንን ማገናኛ ከመፈለግ በእግር መግፋት ይቀላል። ጎሚስታው ሲነፋ ዓይን ከመለኪያው አይነሳ፦ ትንሿ ጎማ በሁለት ሰከንድ ትሞላለች፣ በሦስተኛው ትፈነዳለች። የፊቱ ግፊት 40 ፒኤስአይ፣ የኋላው 50። ድንጋይ ንጣፍ ለበዛበት ቀን የፊቱ ወደ 35 ይወርዳል።

ጥቅምት 14

የሰውነት ልክ። ነጂው ወለል ላይ ጀርባውን ለግድግዳ አስደግፎ፣ እግሩን ዘርግቶ፣ የእግር ጣቱን ወደ ላይ አድርጎ ይቀመጣል፤ ከግድግዳው እስከ ተረከዙ ታች ይለካል። እዚህ 105 ሳ.ሜ. ሆነ፤ የነጂው ቁመት 172 ነው። ቁመት ብቻውን አይበቃም፤ እኩል ቁመት ያላቸው ሁለት ሰዎች በእግር ርዝመት በብዙ ጣት ሊበላለጡ ይችላሉ።

የወንበር መለኪያ ከሁለት ሳንቃና ከበር ማጠፊያ ተሠራ። ከኋላ በገመድ ስለሚያዝ የጀርባው ማዘንበል ይቀያየራል፤ ከፊቱ ለእግር መርገጫ ጉማጅ እንጨት አለ። በየማዕዘኑ 40 ደቂቃ ተቀምጦ የሚደነዝዘውን ቦታ መጻፍ ነው። ከአግድም 55 ዲግሪ ላይ ክብደቱ ከመቀመጫ ሥር ተሰብስቦ በ25 ደቂቃ ማቃጠል ጀመረ። 35 ላይ መቀመጫው ተመችቶት አንገቱ ያለ ትራስ ራሱን መሸከም አቃተው። 45 ተወሰደ። ወገብ በሚጎድጉድበት ቦታ፣ ከመቀመጫው 20 ሳ.ሜ. ከፍ ብሎ፣ ውፍረቱ 4 ሳ.ሜ. የሆነ ነገር ሲገባ ልዩነቱ ወዲያው ታወቀ። ስፖንጅ መጨመር ግን ምንም አልለወጠም፤ ወፍራም ስፖንጅ የሚሰጠው ላብ ብቻ ነው።

ጥቅምት 19

ቱቦላሬ። ለዋናው አካል የቀረቡት ሁለት ናቸው፦ 40×40 ውፍረቱ 2 ሚ.ሜ.፣ እና 60×40 ውፍረቱ 1.5። ሁለቱም በሜትር 2.3 ኪ.ግ. ገደማ ይመዝናሉ። 60ውን ወደ ላይ አቁሞ ሲጠቀሙበት ግን ለመጉበጥ ያለው እምቢታ ከ40×40ው እጥፍ ነው፤ ጥንካሬውም በአንድ ሦስተኛ ይበልጣል። በተመሳሳይ ክብደት ሁለተኛውን መተው ጅልነት ነው። 40×40 ባለ 1.5ቱን «ይቀላል» ብሎ የሚወስድ ሰው ይኖራል፤ ሜዳ ላይ ይሸከማል፣ ጉድጓድ ላይ ግን ግጭቱ ክብደቱን ሦስት እጥፍ ሲያደርገው ብረቱ ጎብጦ አይመለስም።

የኋላው ክፍል ከአሮጌ ባለ 26 ሳይክል ተቆርጦ ይወሰዳል። ከመቁረጥ በፊት ማግኔት ማስጠጋት፤ ካልያዘ አሉሚኒየም ነው፣ ከብረት ጋር አይበየድም። የሳይክል ቱቦ ከ1 ሚ.ሜ. ብዙ አይበልጥም፤ የበር በያጅ በለመደው 2.5 ኤሌክትሮድ ከነካው ይበሳዋል። ወይ በኦክስጅንና በናስ፣ ወይ በ1.6 ኤሌክትሮድ ኃይሉ ተቀንሶ ነጠብ ነጠብ እየተደረገ ይበየዳል። በናስ የተያዘው አምሮ ወጥቷል። በናስ ተሠርቶ ኋላ የላላን ቦታ ግን በኤሌክትሪክ እደግማለሁ ማለት አይቻልም፤ ናሱ ብየዳውን ያበላሸዋል።

በቱቦው ዝቅተኛ ቦታ 5 ሚ.ሜ. ቀዳዳ ተበሳ። ያለሱ የክረምት ውኃ ውስጥ ተኝቶ ብረቱን ከሆዱ ይበላዋል።

ልኮቹ፦ ከእምብርት እስከ እምብርት 170 ሳ.ሜ.፤ የፔዳሉ ማዕከል ከፊት ጎማ እምብርት 50 ሳ.ሜ. ወደ ኋላ፤ የፔዳሉ ማዕከል ከመሬት 38፣ ወንበሩ 52። የጀርባው ሥር ከኋላ እምብርት 30 ሳ.ሜ. ወደ ፊት ነው። በዚህ አቀማመጥ ከክብደቱ 30 ከመቶ ያህሉ ብቻ ፊት ጎማ ላይ ያርፋል። ይህ ቁጥር ፍሬን ላይ ይመለሳል።

ጥቅምት 23

ስህተት። የመሪው ቱቦ 65 ዲግሪ እንዲያዘነብል ታስቦ በትክክል 65 ተበየደ። ጎማዎቹ ገብተው ሲለካ 68 ሊሆን ምንም አልቀረው። ብየዳው አልሳበውም። ጠረጴዛው ላይ ሲለካ የፊትና የኋላ እምብርት እኩል ከፍታ ላይ ነበሩ፤ የ20ዋ ጎማ ግን ከ26ቷ በግማሽ ቁመት 8 ሳ.ሜ. ታንሳለች። በ170 ሳ.ሜ. ላይ ይህ የ2.7 ዲግሪ መደፋት ነው፤ መላው ሳይክል ወደ ፊት ስለሚደፋ የመሪው ቱቦ ይቆማል።

ውጤቱ ምንድን ነው? የመሪው መስመር መሬት ከሚነካበት ነጥብ ጎማው እስከሚያርፍበት ያለው ርቀት ከ72 ሚ.ሜ. ወደ 59 ወረደ (ሹካው 40 ሚ.ሜ. ወደ ፊት የወጣ ነው)። ይህ ርቀት ሲበዛ መሪው በዝግታ ላይ ወደ ጎን ይወድቃል፤ ሲያንስ ቁልቁለት ላይ ይንቀጠቀጣል። 59 ተሠርቶ የሚነዳበት ልክ ነው፤ ለዝግታውም እንዲያውም ይሻላል። ቆርጦ መድገም ቀረ። ቀጣዩን የሚሠራ ሰው ግን ፊቱን 8 ሳ.ሜ. ዝቅ አድርጎ ይለካ፤ የወንበሩንም ማዕዘን ጎማ ሳይገባ አይመን።

ፔዳሉ ወደ ፊት ጥግ ሲደርስ ከጎማው የሚቀረው 50 ሲቀነስ 25፣ ሲቀነስ 17፤ 8 ሳ.ሜ. ነው። ለ42 ቁጥር ጫማ ይበቃል፤ ትልቅ ጫማ ያለው ነጂ መሪውን ሙሉ ሲያጥፍ ጫፉን ጎማው ይልሰዋል።

ጥቅምት 27

ካቴና። የፊት ጥርሶች 22፣ 32፣ 42፤ የኋላዎቹ ከ11 እስከ 34። ርዝመቱ እንዲህ ይሰላል፦ ከፔዳል ማዕከል እስከ ኋላ እምብርት ያለው ርቀት በኢንች ሁለት ጊዜ፣ ሲደመር የትልቁ የፊት ጥርስ ሩብ፣ ሲደመር የትልቁ የኋላ ጥርስ ሩብ፣ ሲደመር 1። 120 ሳ.ሜ. ማለት 47.2 ኢንች ነው፤ 94.5፣ 10.5፣ 8.5ና 1 ተደምረው 114.5 ኢንች ይሆናሉ። አንዱ ዓይን ግማሽ ኢንች ስለሆነ 229 ዓይን፤ ቁጥሩ ለሁለት እንዲካፈል 230። ሁለት ባለ 116 ካቴና ሲቀጠል 232 ነው፤ ሁለት ዓይን ተቆርጦ ይወጣል። ሁለት ባለ 114 ከተገዛ ግን 228 ብቻ ነው፤ ለሁለት ዓይን ሲባል ሦስተኛ ካቴና መግዛት ይመጣል። ስለዚህ ካርቶኑን ማመን ቀርቶ ሱቁ ውስጥ መቁጠር።

ማርሽ ቀያሪው ረጅም እግር ያለው መሆን አለበት። ከፊት 20 ጥርስ፣ ከኋላ 23 ጥርስ ልዩነት ስላለ 43 ጥርስ የሚሆን ትርፍ ካቴና መሰብሰብ ይጠበቅበታል። አጭር እግር ያለው ትንሹን በትንሹ ሲያገናኝ የታችኛው ካቴና ይረግባል።

የታችኛው ካቴና ይህን ያህል ሲረዝም ድንጋይ ንጣፍ ላይ ቱቦላሬውን ይደበድባል። ከላይ ምንም አይነካም፤ ጉልበቱ የሚሄደው በላይኛው ነው፤ እዚያ ላይ የሚጨመር ማንኛውም ማሻሻ ጉልበት ይበላል። የታችኛው ብቻ ውስጡ 14 ሚ.ሜ. በሆነ የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ያልፋል። የቱቦው ሁለት ጫፍ በእሳት ተለስልሶ እንደ መለከት አፍ ይከፈታል፤ ካልተከፈተ ካቴናው ጫፉን እንደ መጋዝ ይቆርጠዋል። ቱቦው በአንድ ቦታ ብቻ ይታሰራል፣ ሌላው ጫፍ ይወዛወዝ። በሁለት ቦታ ሲታሰር ማርሽ በተቀየረ ቁጥር ይንጫጫል።

ኅዳር 1

ወንበር፣ በመጨረሻ። ጎኖቹ ከቀጭን የውኃ ብረት ቧንቧ፣ ታች 28፣ ትከሻ ላይ 34 ሳ.ሜ. ስፋት። መጀመሪያ የተሞከረው ጠፍር ነው። አልጋ የሚጠፍር ሰው ቆዳውን ርጥብ እያለ ወጠረው፤ በሁለት ቀን ደርቆ እንደ ከበሮ ሆነ። ሲቀመጡበት ከማንኛውም ስፖንጅ ይበልጣል። ግን ጠፍር የሚወጠረው በመድረቅ ነው፤ የጀርባ ላብ ሲነካው ይረጥባል፣ ሲረጥብ ይረዝማል። ከሦስት ሰዓት መንዳት በኋላ መሃሉ 5 ሳ.ሜ. ሰርጎ አከርካሪ መስቀለኛውን ብረት ነካ። ሌሊት ተመልሶ ይወጠራል፣ ጠዋት ጥሩ ነው፣ ቀትር ላይ ያው። ለአልጋ እንጂ ላብ ላለው ሥራ አልሆነም።

በምትኩ 5 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው የሻንጣ ጥብጣብ፣ ሰባት ማሰሪያ፣ እያንዳንዱ የራሱ ዘለበት ያለው ገባ። ጥቅሙ ለየብቻ መወጠሩ ነው፦ ከታች ያሉት ሁለቱ ጠበቅ፣ ወገብ ላይ ያሉት ሁለቱ ይበልጥ ጠበቅ፣ የትከሻዎቹ ላላ። ያ 4 ሳ.ሜ. የወገብ መደገፊያ እንግዲህ በዘለበት ይስተካከላል፣ ትራስ አያስፈልግም። መስቀለኛው ብረትም ወደ ኋላ 6 ሳ.ሜ. ተቆለመመ። ወንበሩ በየ2 ሳ.ሜ. በተበሱ ቀዳዳዎች ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንሸራተታል።

እግሩ ልክ መሆኑ እንዲህ ይታያል፦ ተረከዝ ፔዳሉ ላይ ሆኖ ፔዳሉ ሩቅ ጥግ ሲደርስ እግሩ ልክ ቀጥ ማለት አለበት። ከዚያ በእግር ጣት ሥር ሲረገጥ ጉልበቱ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ይታጠፋል። ወንበሩ ሲቀርብ የጉልበት ፊት ያማል፤ ሲርቅ የጉልበት ኋላና የተረከዝ ጅማት ይያዛል። ምልክቱን ካወቁ በ2 ሳ.ሜ. ማንሸራተት ያልቃል።

ኅዳር 5

ፍሬን። ተራ ሳይክል ላይ ዋናው የፊት ፍሬን ነው፤ እዚህ የተገላቢጦሽ ነው። ፊቱ ላይ ያለው ክብደት አንድ ሦስተኛ ስለማይሞላ የፊት ፍሬን ጨክኖ ሲያዝ ጎማው ይቆለፍና ይንሸራተታል፤ ቁልቁለት ላይ የሚያቆመው የኋላው ነው። ስለዚህ የኋላው ካቦ የማይደራደሩበት ነገር ነው። ከመሪው እስከ ኋላ ጎማ 2.6 ሜትር ይፈልጋል፤ የተራ ሳይክል የፍሬን ካቦ ግን ከ2 ሜትር አያልፍም። የሁለት ሰው ሳይክል ካቦ 3 ሜትር ስለሆነ እሱ ታዟል።

በሞርሴቶ (በቪቴ በሚጠብቅ ማያያዣ) የተቀጠለ ካቦ ለማርሽ ይሠራል። ለፍሬን በፍጹም። ጠረጴዛ ላይ ተሞክሮ አሥራ አንደኛው ጭብጥ ላይ ሾልኮ ወጣ፤ ቪቴው ሽቦዎቹን በአንድ ጎን ብቻ ጨፍልቆ ስለሚይዝ ነው። የማርሹ መቀየሪያ ከመሪው ተነስቶ ወንበሩ ጎን፣ ጭን አጠገብ ተተከለ፤ ካቦው ወደ 1.1 ሜትር አጠረ፣ ቅጥያም አላስፈለገው። የፍሬኑም እጀታ ካቦው እስኪመጣ ድረስ እዚያው ወንበሩ ጎን ላይ ነው፤ ለሙከራ ብቻ።

ኅዳር 9

የ20 ሜትር ፈተና፣ አዘዞ በኩል ሜዳ ላይ። መጀመሪያ 9 ሰከንድ፣ ከአንድ ሰዓት ልምምድ በኋላ 13፤ በሰዓት 5.5 ኪ.ሜ. ማለት ነው። በቀላሉ ማርሽ፣ 22 በ34፣ ፔዳሉ አንድ ዙር ሲዞር ሳይክሉ 1.34 ሜትር ይሄዳል፤ በደቂቃ 65 ዙር 5.2 ኪ.ሜ. ይሆናል። ማርሹና ሚዛኑ ተገናኝተዋል። ከዚህ የቀለለ ጥርስ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው፣ በዚያ ፍጥነት ሳይክሉ ሚዛኑን አይጠብቅምና። በከባዱ፣ 42 በ11፣ በደቂቃ 80 ዙር 38 ኪ.ሜ. ይደርሳል፤ ይህም ይበቃል።

ለጀማሪ የሚነገረው አንድ ነገር፦ መሪውን በትከሻ አይጎትት። ጋደምታ ሳይክልን የሚያንገዳግደው ተራ ሳይክል የለመደ ክንድ ነው። ክርን ጎን ላይ አርፎ መሪው በሁለት ጣት ሲያዝ ይረጋጋል።

ኅዳር 13

ከአዘዞ ወደ ጎንደር ፒያሳ ዳገት፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ሚኒባሱ ሳይበዛ። ወጣ። ችግሩ መውጣቱ አይደለም፣ ቆሞ መነሳቱ ነው። ሳይቆሙ በፊት ቀላሉ ማርሽ መግባት አለበት፤ በከባድ ማርሽ ቆሞ የቀረ ሰው ወርዶ የኋላውን ጎማ በእጅ እያነሳ ጥርሱን ይቀይራል። የሚረግጠው እግር ፔዳል ከላይ ትንሽ ወደ ፊት ባለፈበት ቦታ ይሁን፤ ፍሬን ተይዞ፣ አንድ ሙሉ ርግጫ፣ ከዚያ ሁለተኛው እግር።

ሕፃናት በሩጫ አጀቡ። ወንበሩን ከኋላ የሚገፋ አልጠፋም፤ ዳገት ላይ አይጠላም፣ መሪ ግን ያስታል። ባለ 2 ሜትር ዘንግ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሯል፤ የሚኒባስ ሹፌር ሳይክሉን ሳያይ ጨርቁን ያያል።

ኅዳር 20

ከአዘዞ ወደ ማክሰኝት አቅጣጫ 30 ኪ.ሜ. ሄዶ መመለስ። መንገዱ ሰላም መሆኑ ጠዋት ተጠይቆ ነው የተወጣው፤ ይህ ከፓምፕና ከመጣፊያ በፊት የሚመጣ ነገር ነው።

የተገኙ ጉድለቶች፦

የእግር ጣቶች መደንዘዝ፣ ከ20ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ። ጫማው በጣም ጠብቆ ታስሮ ነበር፤ ፔዳሉ የሚረገጠውም በጣት ሥር ብቻ ነበር። እግሩ 2 ሳ.ሜ. ወደ መሃል ሲገባ ቀረ። ከዚያ የባሰው እግር ከፔዳል መንሸራተት ነው። ፔዳሉ ወደ ፊት ስለሆነ እግሩን የሚይዘው ነገር የለም፤ ተንሸራቶ መሬት ከነካ ሳይክሉ ላዩ ላይ ይሄድበታል፣ ቁርጭምጭሚትም ይሰብራል። በባለ ሦስት ጎማው ይህ ይበልጥ አደገኛ ነው፣ እግሩ በአካሉ ሥር ስለሚጎተት። ከተረፈው የሻንጣ ጥብጣብ ለተረከዝ ቀለበት ተሰፍቶ ፔዳሉ ላይ ታሰረ፤ ለመውጣት ተረከዝን ወደ ላይ ማንሳት ብቻ ነው።

ፀሐይ። ፊት ወደ ሰማይ ነው የሚያየው፤ ከቀኑ 5 ሰዓት በኋላ ባርኔጣ ያለ ረጅም ጥላ ዋጋ የለውም። የጉልበት ፊትና የእግር መዳፍ ጀርባ ደግሞ ተራ ሳይክል ላይ የማይቃጠሉ ቦታዎች ናቸው፤ እዚህ ይቃጠላሉ።

ድምፅ። ከወንበሩ ሥር የሚሰማው ጪጭታ ካቴና መሰለ፤ ቡሎኑ ነበር። ሮንዴላ ሳይገባበት በቀለም ላይ ስለታሰረ ቀለሙ ተፍቆ ላላ። ቀለሙ ተፍቆ፣ ሰፊ ሮንዴላ ገብቶ ተጠበቀ።

ወገብና ማጅራት ግን ከ60 ኪሎ ሜትር በኋላ ምንም አላሉም። መዳፍም እንደዚያው።

ኅዳር 24

ለመጫን ሙከራ። ጎማው እንደገባ ከጫፍ እስከ ጫፍ 228 ሳ.ሜ. ነው፤ ሁለቱም ጎማ ሲወልቅ ወደ 180 ይወርዳል፤ የሚኒባስ ፖርቶ መጋላ ላይ ይተኛል። የኋላው ጎማ ሲወጣ እምብርቱን በሚይዙት ሁለት ጆሮዎች መካከል 135 ሚ.ሜ. እንጨት ይገባ፤ ከላይ ጤፍ ቢጫንበት ጆሮዎቹ ይጣመማሉ። ማርሽ ቀያሪው ወደ ውስጥ ታጥፎ በጨርቅ ይጠቀለል።

የቀረው፦ የ3 ሜትሩ ካቦ፣ ሁለተኛ ሽፋን ቀለም፣ ትርፍ የፍሬን ሸራ ሁለት ጥንድ። ፔዳሉ የተለመደው 170 ሚ.ሜ. ክንድ ነው፤ 155 ቢሆን ለጉልበት ይሻል ነበር፣ ግን በዚያ ርዝመት ሦስት ጥርስ የያዘ ገበያው ውስጥ አልተገኘም። ካቦው ታኅሣሥ መግቢያ ላይ ከመጣ ጉዞው ከጥምቀት በፊት ይሆናል፤ ካለፈም ከጥምቀት በኋላ ነው፤ በዚያ ሳምንት ጎንደር ውስጥ ባለ 228 ሳ.ሜ. ሳይክል ማዞሪያ ቦታ አይኖርም።